«ማንም አያውቅም» ለሚሏችሁ
ወንድሞችና እህቶች፣ በቢትኮይን የተከፈለ ገንዘብ ዱካ የለውም የሚል ወሬ በመካከላችሁ ይወራል። ወሬው ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በቢትኮይን ዋና መረብ ላይ የተፈጸመው ክፍያ ሁሉ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል መዝገብ ላይ ተጽፏል። በመዝገቡ ላይ ስም የለም፤ ያለው የፊደልና የቁጥር አድራሻ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ገንዘቡን ሊመነዝር መታወቂያ ወደሚጠይቅ መገበያያ ሲሄድ፣ አድራሻው ስም ያገኛል። ያን ጊዜ የድሮውም ሁሉ ይነበባል፤ መዝገቡ አይፋቅምና።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የደቡብ ኮሪያ መርማሪዎች ሕፃናት ሲደፈሩ የሚያሳይ ቪዲዮ በቢትኮይን ይሸጥ የነበረ ድረ ገጽ መዘጋቱን አስታወቁ። ከፋዮቹ የተሰወሩ መስሏቸው ነበር። የክፍያው ዱካ ግን ተከተላቸው፤ በተለያዩ አገሮች 337 ሰዎች ተያዙ፣ ቢያንስ 23 ሕፃናትም ከጥቃት ዳኑ።

«እንግዲያው ሁሉም ነገር ይገለጥ፤ የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚሉም አሉ። በዚህም አልስማማም። መጋረጃ ያለው ቤት ሁሉ የሌባ ቤት አይደለም። ለተቸገረ ወዳጃችሁ ቢትኮይን ብትልኩለት፣ በዚያ አድራሻ ምን ያህል እንደቀራችሁ፣ ከዚያ በፊትም ወዴት እንደላካችሁ ሊያይ ይችላል። ጌታችን ምጽዋት በስውር ይሁን ብሎ ያስተማረን ወንጀል እንድንሸሽግ አይደለም። አሥራታችንንም በፖስታ አሽገን የምንሰጠው ሌቦች ስለሆንን አይደለም። ገመናን መጠበቅ ሌላ፣ በደልን መሸሸግ ሌላ ነው።

«ላኪውን፣ ተቀባዩንና መጠኑን የሚሸፍን ሞኔሮ የሚባል አለ» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አለ። ሽፋኑ ግን ለሚረዳውም ለሚዘርፈውም እኩል ነው፤ የተሸፈነውን ሥራ መልካም አያደርገውም። ዱካ ስላለው ብቻ ከክፋት የሚርቅ ሰው፣ ዱካው የጠፋ ቀን ይመለስበታል።

ስለዚህ አንድ ሰው «ማንም አያውቅም» እያለ ገንዘብ ነክ ሥራ ቢያመጣላችሁ፣ «የምንደበቀው ከማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከቀማኛና ከወሬኛ ከሆነ ጥበብ ነው። ከተበዳዩ፣ ከባለ ዕዳችሁ ወይም ከገዛ ቤተሰባችሁ ከሆነ ግን ያን ሥራ ተዉት።