ዝምታ የሚነቅዝበት ሕግ

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለኦንታርዮ የማዘጋጃ ቤት ጉዳዮችና ቤቶች ሚኒስቴር፣ ቶሮንቶ

ክቡራን፣

በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በእናንተ የኪራይ ሕግ ግን ዝምታ ይነቅዛል። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ሕግ ለተከራይ የሰጠው ጥበቃ ቀላል አይደለም። አከራይ ኪራይ የሚጨምረው በ12 ወር አንዴ ብቻ፣ ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ አስታውቆ ነው። የጭማሪው ጣሪያም ለ2025 2.5 በመቶ፣ ለ2026 2.1 በመቶ ነው። ሆኖም ይኸው ሕግ ከጣሪያው በላይ የተጨመረን ኪራይ፣ ተከራዩ በ1 ዓመት ውስጥ ለአከራይና ተከራይ ቦርድ ካላመለከተ፣ እንደ ሕጋዊ ይቆጥረዋል። በ2020 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ያለ ማስታወቂያ የተጨመረውን እንኳ፣ ተከራዩ 12 ወር በተከታታይ ከፍሎ ካልተከራከረ፣ ያጸናዋል።

ይህ በአንድ ቤተሰብ ኪስ ላይ ምን እንደሚያደርግ እናስላ። በቶሮንቶ ዳንፎርዝ አካባቢ በወር 1,800 ዶላር ለሚከፍል ቤተሰብ የ2025 ሕጋዊ ጭማሪ 45 ዶላር ነው። አከራዩ 150 ቢጨምር፣ ትርፉ በወር 105፣ በዓመት 1,260 ዶላር ይሆናል። ዓመቱ ካለፈ ያ ገንዘብ ቀረ፤ ቀጣዩ ጭማሪም የሚሰላው ከ1,950 ተነስቶ ነው። ጥፋቱ ለሚቀጥለው ጭማሪ መሠረት ሆነ ማለት ነው። በዝምታ የሚከፍለው ደግሞ ማን ነው? በቃል ውል ተከራይቶ የኖረ፣ «ወይ ጨምር ወይ ልቀቅ» ሲባል መልስ ያልነበረው፣ ዛሬም ሁለት ፈረቃ የሚሠራ መጤ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበት ከሆነ ጣሪያው አይመለከተውም። ይህን ቀን ግን ተከራዩ ከየት ያገኘዋል?

መረጃው በድረ ገጽ ላይ አለ፣ ማንበብ የተከራዩ ፋንታ ነው ትሉ ይሆናል። የሕጉን ጽሑፍ ማግኘት ይቻላል፤ የተከራየውን ቤት ታሪክ ግን ድረ ገጹ አይነግረውም። ቢያመለክትስ? የኦንታርዮ እንባ ጠባቂ በ2023 ባወጣው ሪፖርት ቦርዱ ዘንድ ከ38,000 በላይ ማመልከቻዎች መከማቸታቸውን ገልጿል። አከራይም ማለቂያ የሌለው የይገባኛል ጥያቄ ሊንጠለጠልበት አይገባም የሚለው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ስለዚህ የጊዜ ገደብ ይኑር። ግን የሚቆጠረው ተከራዩ ሕጋዊውን መጠን በግልጽ ከተነገረው ቀን ጀምሮ ይሁን።

መፍትሔው የኪራይ መዝገብ ነው። ለዚህ ምድር አዲስ አይደለም፤ ኦንታርዮ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ አቋቁማው ነበር። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ደንግጋለች። መዝገቡ የግንባታን ወጪ ያንራል የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን የሚጠየቀው አከራዩ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቤቱ መጀመሪያ ሰው የገባበት ቀን፣ ያለው ኪራይና የተጨመረው መጠን። ከጣሪያው ያለፈውን ኮምፒዩተር ራሱ ይለየዋል፤ ቦርዱም ሸክሙ ይቀልለታል።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ አንቀጽ ነው፦ ያልተመዘገበ ጭማሪ፣ ተከራዩ ስንት ዓመት ዝም ቢል፣ አይጸናም።

ከአክብሮት ጋር