ማንቼ የተሸነፈው ቢሮ ውስጥ ነው

ለማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የ2024/25ን የውድድር ዘመን ማንሳት ቁስል መነካካት ነው። ግን ይነካ። 38 ጨዋታ፣ 11 ድል፣ 9 አቻ፣ 18 ሽንፈት። 44 ጎል አግብቶ 54 ተቆጠረበት፤ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ክለቡ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ከወረደበት ከ1973/74 ወዲህ በሊጉ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ኦልድትራፎርድ ላይ ብቻ በሊጉ 9 ጊዜ ተሸንፏል። ሊቨርፑል 3ለ0 አሸንፎ ሄደ፣ ይሁን። በርንማውዝም 3ለ0፣ ዌስትሃም 2ለ0፣ ክሪስታል ፓላስ 2ለ0፣ ዎልቭስ 1ለ0! ድሮ እኮ እነዚህ ቡድኖች ወደዚያ ሜዳ የሚመጡት ስንት እንደሚገባባቸው እያሰቡ ነበር።

የእኛ አገር ደጋፊ ደግሞ ከሽንፈቱ ሌላ ፉገራውንም ነው የተሸከመው። ከፍሎ ዲኤስቲቪ ቤት ይገባል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ ይቀመጣል፣ ዘጠና ደቂቃ ይቃጠላል፣ ሲወጣ የአርሴና የሊቨር ደጋፊ በር ላይ ይጠብቀዋል። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። ጥፋቱ የቴንሃግ ነው፣ የለም የአሞሪም ነው፣ የለም ሆይሉንድ ነው ያስበላን። ይህ ክርክር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ዓይነት ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ኤሪክ ቴንሃግ በ9 የሊግ ጨዋታ 11 ነጥብ ሰበሰበ። ቫን ኒስተልሮይ በጊዜያዊነት በ2 ጨዋታ 4 ነጥብ አገኘ። ሩበን አሞሪም በ27 ጨዋታ 27 ነጥብ፤ ለአንድ ጨዋታ አንድ ነጥብ መሆኑ ነው። በዚህ አካሄድ ዓመቱን ሙሉ ቢያሰለጥን 38 ነጥብ ይደርሰው ነበር፤ ያ ደግሞ ቶተንሃም 17ኛ የሆነበት ነጥብ ነው። ቴንሃግ ሲባረር ቡድኑ 14ኛ ነበር፣ አሞሪም 15ኛ አድርጎ ጨረሰ። ከድጡ ወደ ማጡ። ሁለት የማይመሳሰሉ አሰልጣኞች አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ችግሩን ከሁለቱም በላይ መፈለግ አለብን።

ነገሩ የተበላሸው በ2024 ክረምት ነው። ሰር ጂም ራትክሊፍ ከሩብ በላይ ድርሻ ገዝተው የእግር ኳሱን ስራ ከግሌዘሮች ከተረከቡ ገና ወራት ነበር። ቴንሃግ በሊጉ 8ኛ ሆኖ ማንቸስተር ሲቲን 2ለ1 አሸንፎ የኤፍኤ ካፕን ወስዷል። አለቆቹ ሌላ አሰልጣኝ ማነጋገራቸውን ራሱ ቴንሃግ ተናግሯል፤ መጨረሻ ላይ ግን ሀምሌ ውስጥ ኮንትራቱን እስከ 2026 አራዘሙለት። አያክስ ያሰለጠናቸውን ዴሊትንና ማዝራዊን ገዙለት፣ ዚርክዚን፣ ዮሮንና ኡጋርቴን ጨመሩ። ኦክቶበር 28 ቀን አባረሩት። ካላመንከው ለምን ኮንትራት ታራዝማለህ? ካመንከው ደግሞ 9 ጨዋታ ምኑ ነው?

አሞሪምም ቢሆን ዝም ብሎ አልመጣም። ስፖርቲንግ ሊዝበን እያለ በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ልምጣ ብሎ ነበር፣ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ተባለ። ይህንን ራሱ ነው ለጋዜጠኞች የተናገረው። ሰውየው 3-4-3 ነው የሚጫወተው፣ ሌላ አያውቅም፣ ይህንንም ዓለም ያውቃል። ለዚህ አጨዋወት ደግሞ መስመሩን ሙሉ የሚሮጡ የክንፍ ተጨዋቾች ያስፈልጋሉ። ቡድኑ ግን የተገዛው ለሌላ አሰልጣኝ፣ ለሌላ አጨዋወት ነው። የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ መሮጥ ማለት ነው። በእርግጥ ግትርነቱ የራሱ ጥፋት ነው፤ ጃንዋሪ ላይ በብራይተን 3ለ1 ሲሸነፍ ምናልባት በክለቡ ታሪክ መጥፎው ቡድን እኛ ነን ብሎ መናገሩም ለተጨዋቾቹ የሚጠቅም አልነበረም። አጥቂዎቹም ንፁህ አይደሉም። ሆይሉንድ በሊጉ 4፣ ዚርክዚ 3 ጎል ብቻ! ብሩኖ ፈርናንዴዝና አማድ ዲያሎ በ8 በ8 ጎል የቡድኑ ከፍተኛ ጎል አግቢ የሆኑበት ዓመት ነው።

ዳን አሽዎርዝስ? ከኒውካስል ለማምጣት ወራት የፈጀ ጭቅጭቅ ተደረገበት። ሀምሌ 2024 ስራ ጀመረ፣ ዲሴምበር ላይ ተሰናበተ። አምስት ወር። ቴንሃግንና ረዳቶቹን ለማሰናበት 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለአሽዎርዝ ደግሞ 4.1 ሚሊዮን ወጣ፤ በድምሩ 14.5 ሚሊዮን። ይህ ገንዘብ ሲከፈል እዚያው ክለብ ውስጥ ወጪ እንቀንስ ተብሎ 250 ያህል ሰራተኞች ተቀንሰዋል፣ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ እስከ 200 የሚደርሱ ሌሎች እንደሚቀነሱ ተነግሯል። የሰራተኛው ነፃ ምሳ ቀረ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እንኳ የአምባሳደርነት ክፍያቸው ተቋረጠ። በውድድር ዘመኑ መሀል የቀሩት ትኬቶች ለህፃንም ለጡረተኛም ያለ ቅናሽ 66 ፓውንድ ሆኑ። የአለቆቹን ስህተት ሂሳብ የከፈለው ምግብ ቤት የሚያገለግለውና ትኬት ቆርጦ የሚገባው ነው። ይህንን ጸሐፊ ከ18ቱ ሽንፈቶች በላይ ያናደደው ይሄ ነው።

ስኮት ማክቶሚናይንም ማንሳት ግድ ነው። ክለቡ ከልጅነቱ ያሳደገው ተጨዋች ነው። ልጆችህን ስትሸጥ ሂሳቡ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ይባላል፤ በዚህ ስሌት በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለናፖሊ ሸጡት። ሄዶ በሴሪ አው 12 ጎል አገባ። ሜይ 23 ቀን 2025 ካግሊያሪ ላይ በአየር ላይ ተገልብጦ አግብቶ ናፖሊን ሻምፒዮን አደረገ፣ የሊጉ ምርጥ ተጨዋችም ተባለ። ማንቼ ቢልባኦ ላይ በዋንጫ ጨዋታ ከተሸነፈ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ወደ ቢልባኦ የተደረገው ጉዞ ደግሞ ብዙ ደጋፊን አሞኝቷል። ኤፕሪል 17 ከሊዮን ጋር የተደረገውን ማን ይረሳል? በጭማሪ ሰዓት 4ለ2 እየተመሩ በ7 ደቂቃ ውስጥ ብሩኖ፣ ሜይኑ፣ በመጨረሻም ማጓየር አግብተው 5ለ4! በዚያ ምሽት ወንበር የተገለበጠበት፣ ሻይ የፈሰሰበት ቤት ስንት እንደሆነ አንጠይቅ። አትሌቲክ ቢልባኦም በደርሶ መልስ 7ለ1 ተሸኘ። ሜይ 21 ግን ብሬናን ጆንሰን በ42ኛው ደቂቃ ያገባት አንዲት ጎል በቃች። ቶተንሃም በዚያ ዓመት ማንቼን ሲያሸንፍ አራተኛ ጊዜው ነበር።

ያ ዋንጫ ቢገኝ ኖሮ ሻምፒዮንስ ሊግ ይገባ ነበር፣ 15ኛነቱም ይሸፈን ነበር። በአንፃሩ ቶተንሃምን እንይ። አንጄ ፖስቴኮግሉ ዋንጫውን ባነሳ በ16ኛው ቀን 17ኛ ሆነሃል ተብሎ ተሰናበተ። ጨካኝ ውሳኔ ነው፣ ቢሆንም ሰዎቹ የሊጉን ሰንጠረዥ አይተዋል። የማንቼ አለቆች አሞሪምን አቆይተው ኩኛን፣ ምቤሞንና ሼሽኮን ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥተው ገዙ። ኦገስት 2025 ላይ ግሪምስቢ የሚባል የአራተኛ ዲቪዚዮን ክለብ በፍፁም ቅጣት ምት 12ለ11 ከሊግ ካፑ አስወጣቸው። ጃንዋሪ 2026 ላይ አሞሪምም ተባረረ፣ እንደ ቴንሃግ በውድድሩ መሀል። በ15 ወር ውስጥ ሁለተኛው መሆኑ ነው፤ እነሱን የቀጠሩትን ግን በዚያን ቀን የጠየቃቸው የለም።