ልብ ወለድ በዳጉ ሚዛን

ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ በሰላምታ ብቻ አይተላለፉም። ጥላ ፈልገው ቁጭ ይላሉ። አንዱ ከየት እንደመጣ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንደበቀለ፣ የትኛው ጎሳ ወዴት እንደሰፈረ፣ ማን እንደታመመ፣ መንገድ ላይ ምን እንግዳ ሰው እንዳጋጠመው ይናገራል፤ ሌላው እየጠየቀ ይሰማል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ይህ ዳጉ ነው። በዳጉ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ይጠየቃል። ሐሰት ያቀበለ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያምነው አያገኝም። በዚህ አገር ስለ ውሃ የተነገረ ውሸት መንጋ ይፈጃል።

እዚህ አዋሽ ሸለቆ፣ ዱብቲ ተቀምጦ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ይህን ልማድ በየቀኑ ያያል፤ ማየቱም በአነባበቡ ላይ ይሠራል። ሰሞኑን ፍቅሩንም፣ ፖለቲካውንም፣ ስለላውንም፣ ታሪኩንም እያቀላቀልኩ አነበብኩ፤ ገሚሱን እንደገና፣ ገሚሱን ለመጀመሪያ ጊዜ። ሙቀቱ ቀን ቀን ስለማያስነብብ ንባቤ አልጋ ደጅ ከወጣ በኋላ፣ ማታ ነው። በዚህ ሁሉ ንባብ ዘውግ የመጽሐፍን ዋጋ ሲወስን አላየሁም። የሚወስነው ደራሲው የሚጽፍበትን ቦታና ሰው ማወቁ፣ ያላየውንም ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ መጻፉ ነው። በዚህ ሚዛን የአማርኛ ልብ ወለድ ትልቅ ጉልበት አለው፤ ትልቅ ጉድለትም አለው። ጉድለቱ ከአዋሽ ሸለቆ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይብሳል።

ከበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ልጀምር። መጽሐፉ የስለላ ታሪክ ነው፣ የፍቅር ታሪክ ነው፣ የጦርነት ታሪክም ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ወደ አሥመራ ይሄዳል፤ እዚያ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ፍቅር ይይዘዋል፤ ዙሪያውን የሻዕቢያ ሰላዮችና የመንግሥት ሹማምንት አሉ። እነዚህን ሦስት ዘውጎች አንድ ላይ የያዘ መጽሐፍ ሊበታተን ይችል ነበር። አልተበታተነም። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ነበረ፤ የስብሰባውን ቋንቋ፣ የቡና ቤቱን ሞቅታ፣ የባለሥልጣኑን ፍርሃት አይቶታል። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሞ የውጭ አንባቢ እጅ መግባቱ የሚያስደስት ነው። እኔ ግን መጽሐፉን የምወደው በደራሲው ዕጣ ምክንያት አይደለም። ሰዎቹ ሲናገሩ አምናቸዋለሁ፤ ምስክር ያለበት ጽሑፍ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ሌላ ዓይነት ምስክርነት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። በ1958 መጽሐፉን ሲያሳትሙ ስለ አንድ የባላባት ልጅና ስለ አንድ የቆሎ ተማሪ ፍቅር ብቻ አልጻፉም፤ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት፣ የግብሩን ዝርዝር፣ የጢሰኛውን ምሬት በቤት ልጅነት ዕውቀት አስቀመጡት። ብዙ ሰው መጽሐፉን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። እኔን በዚህኛው ንባብ የያዘኝ የፊታውራሪ መሸሻ ጉዳይ ነው። ጢሰኞቹ ሲያምፁ ፊታውራሪው የሚደርስባቸው ውርደት በደራሲው ንግግር አይብራራም፤ ፊታውራሪው ከዚያ በፊት በግብርና በእጅ መንሻ እንዴት እንደኖሩ ስለምናውቅ ራሱ ይገባናል። በፍቅር ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ኢኮኖሚ ይዞ አንባቢን አለማሰልቸት ቀላል ችሎታ አይደለም።

የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጠባብ መጽሐፍ ነው፤ የአቤልና የትዕግሥት ነገር ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም አይርቅም። ግን የግቢውን ሕይወት ያውቀዋል፤ መውደዱን መናገር ያቃተው ተማሪ ዛሬም በየግቢው አለ። ጠባብነቱ አይጎዳውም።

«ዴርቶጋዳ» ላይ ስደርስ ሐሳቤ ይከፈላል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ያወጣው ይህ መጽሐፍ የጣናን ገዳማት ከውጭ የስለላ ድርጅቶችና ከኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች ጋር አገናኝቶ፣ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ወጣት ሁሉ ገዝቶ እንዲያነብ አድርጓል። ይህ ውለታ ነው፤ የሚንቁት ሰዎች ስንት አንባቢ አፍርተው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች በኋላ ሰላዩን ወደ ራሳችን ሐይቅ ያመጣ ደፋር ሥራ ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ ብዙ ነገር ያስከፍለዋል። ሰዎቹ ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው ሲሮጡ ሲደክማቸው፣ ሲጠማቸው፣ እርስ በርስ ሲሰለቻቹ የማየት ዕድል አላገኘሁም። እንደ ዳጉ አድማጭ «ይህን ማን አየ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ሴራው ራሱ ነው። አዳም ረታ በተቃራኒው ሴራ አያጣድፈውም። በ«ግራጫ ቃጭሎች» ውስጥ የአንድ ልጅ ቤት፣ የአንድ ሰፈር ሽታ፣ የአንድ ትንሽ ዕቃ ታሪክ ገጽ ሙሉ ይወስዳል። አንዳንዴ ትዕግሥቴን ይፈትነዋል፤ እውነት ነው። ግን መጽሐፉን ዘግቼ ከሳምንታት በኋላም ያነበብኩት ክፍል ውስጥ የት ምን እንደተቀመጠ አስታውሳለሁ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልግባ። የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» በሦስት መጻሕፍት የአብዮቱን ዋዜማ፣ መባቻና ማግሥት ይተርካል፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ ይዟል። ብርቱ ሥራ ነው። የረሃቡ ፊት ግን የገበሬው ፊት ነው። ያኔ የአፋሮቹ አውሳ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ ረሃቡም አፋሩን ክፉኛ ጎድቶታል፤ ምክንያቱ ደግሞ የዝናብ መጥፋት ብቻ አልነበረም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በሽርክና የተንዳሆን የጥጥ እርሻ በዱብቲ ዙሪያ አስፋፍቷል። የወንዙ ዳር መሬት የአርብቶ አደሩ የበጋ መጠጊያ ነበር። ደጋው ሲደርቅ፣ ሜዳው ሲቃጠል ከብቱ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ያ መሬት ጥጥ ከበቀለበት ግን የሚወርድበት የለም። ድርቁ የመጣው መጠጊያው ከተወሰደ በኋላ ነው። ይህን የሚተርክ የአማርኛ ልብ ወለድ እስከ ዛሬ እጄ አልገባም።

ጥጡ ራሱ ስንት ታሪክ አለው! በእርሻው ሲሠሩ ያረጁ ጎረቤቴ አዛውንት ስለ ለቀማ ሲያወሩ እጃቸውን ዘርግተው ነው። የደረቀው የጥጥ ፍሬ ቅርፊት ጫፉ ስለታም ነው፤ ጥጡን ለመንጠቅ የገባ ጣት ሳይጫር አይወጣም። ለቃሚው ማዳበሪያ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ፀሐይ ሳትበረታ በሌሊት ጀምሮ፣ ማታ ሚዛን ፊት ይሰለፋል። ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ የመጣ ሰው ወባውን ተቋቁሞ እዚህ ወልዶ ከብዷል። አፋሩ ደግሞ ከመስኖው ቦይ ማዶ ቆሞ አይቶታል። በዚህ ቦይ ግራና ቀኝ የበቀለ ፍቅር፣ ጠብ፣ ጉቦ፣ ወዳጅነት ለማንኛውም ዘውግ ይበቃል።

አንድ ዓመት ብቻ ልጥቀስ፤ 1967ን። በመስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በኅዳር ከዚህ ብዙም በማይርቀው ሐዳር ሉሲ ተገኘች። በየካቲት የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የጥጥ እርሻውም የመንግሥት ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ፤ የተመለሱት በ1983 ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አንድ ሸለቆ በአንድ ዓመት የጥንቱን ሰው አጥንት አገኘ፣ ጌታ ለወጠ፣ ሱልጣኑን አጣ። ሌላ አገር ቢሆን በዚህ ዓመት ላይ ብቻ መደርደሪያ የሚሞላ ልብ ወለድ ይጻፍ ነበር። እኛ ዘንድ አፋር በብዛት የሚታየው ወደ አሰብ ወይም ወደ ጅቡቲ በሚያልፍ መኪና መስኮት ነው፤ ሙቀቱ ይነገራል፣ የአፋሩ ጩቤ ጊሌው ይነገራል፣ መኪናው ያልፋል።

ጎረቤቶቻችን ይህን ክፍተት እንዴት እንደሞሉት ሳይ እቆጫለሁ። ሶማሊያዊው ኑረዲን ፋራህ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ኤብላ የምትባል የአርብቶ አደር ልጅ ለሽማግሌ ስትዳር ከሰፈሯ ጠፍታ ወደ ከተማ ትሄዳለች። መጽሐፉን የጻፈው ሕንድ አገር ተማሪ ሳለ ነው፤ ወንድ ሆኖ የሴት ልጅን ኑሮ ከውስጥ ጽፎታል። ጅቡቲያዊው አብዱራህማን ዋበሪ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ባወጣው ልብ ወለድ ዓለምን ገልብጧታል፤ አፍሪካ ሀብታም፣ አውሮፓ ድኻ፣ ስደተኛው ከዚያ ወደዚህ የሚጎርፍበት ዓለም ነው። በሎግያና በዱብቲ አልፈው፣ በእግራቸው ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ ወደ የመን የሚሄዱ የአገራችንን ልጆች የሚያይ ሰው ያንን መጽሐፍ ሲያነብ ደረቱ ይከብደዋል። ምናባዊ ልብ ወለድ ከእውነት መሸሻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያነቡ መልካም ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። «ደራሲ ያልኖረበትን አይጻፍ ካልን ፈጠራ የሚባል ነገር ምን ቀረው?» አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሲያሳትሙ ታሪኩን በካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኘው አልነበረም፤ ሆኖም መጽሐፉ ለዘውጉ በር ከፍቷል። እኔም ያላየ አይጻፍ አልልም። ዳጉም እንዲያ አይልም፤ የሰማኸውን ንገር ይላል፣ ግን ከማን እንደሰማህ እወቅ። ፋራህ የሴቶችን ኑሮ አልኖረውም፤ መጽሐፉን ሳነብ ግን ሲናገሩ ያዳመጠ ሰው እንደሆነ ይታየኛል። የእኛ ደራሲም ሸለቆው ድረስ መጥቶ ቁጭ ቢል የሚነግረው አያጣም። የአፋር ሰው ወሬ አይነፍግም፤ የሚጠላው የሰማውን አጣሞ የሚወስድ ሰው ነው።

ደግሞም ጸሐፊው የግድ ከደጋ መምጣት የለበትም። አፋርኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ሥርዓት ከተቀረጸ ቆይቷል፤ በ2012 መንግሥት ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ከወሰናቸው ቋንቋዎችም አንዱ ነው። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ከዱብቲ ቅርብ ነው፤ ግቢው ውስጥ አፋርኛም አማርኛም አቀላጥፈው የሚናገሩ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ልጆች በሁለት ቋንቋ ያነባሉ፤ አያቶቻቸው ደግሞ የጥጡን፣ የረሃቡንና የስደቱን ዘመን በዓይናቸው አይተዋል። አዛውንቶቹ እያለፉ ነው፤ የሚጠየቁበት ጊዜ እያጠረ ነው።

ስለዚህ ለአሳታሚዎች የምለው ይህ ነው፤ ከአፋር የሚመጣ ረቂቅ እጃችሁ ሲገባ «ይህን የሚያነብ ገበያ የለም» ብላችሁ አትመልሱት። «ዴርቶጋዳ» ከመውጣቱ በፊትም እንዲያ ዓይነት መጽሐፍ ገበያ ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ አልነበረም። ለደራሲዎቻችን ደግሞ፤ በአዋሽ በኩልም ኑ፣ በባቲ በኩልም ኑ፣ አልፋችሁ ግን አትሂዱ። ዱብቲ ውረዱና እደሩ፤ ማታ አልጋው ደጅ ሲወጣ ወሬው ይጀመራል።