ወንበሩን ከመግዛታችን በፊት እንቀመጥበት



እንደሚታወቀው ማኅበራችን ለስብሰባ አዳራሹና ለሥልጠና ክፍሉ ወንበር ለመግዛት መዋጮ መሰብሰብ ጀምሯል። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ የቀረበው ዕቅድ፣ ማለትም ከፊት ለእንግዶች ሶፋ፣ ለተቀረው ነዋሪ ግን መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ይገዛ የሚለው፣ እንደገና ሊታይ ይገባል ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ልናገር። ባለፈው ስብሰባ በውሃ መስመሩ ጉዳይ ውሳኔ ሲሰጥ፣ በግቢያችን የሚኖሩ አንዲት አዛውንት እናት አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ጉዳዩ ሳይገዳቸው ቀርቶ አይደለም፤ መስመሩ የሚያልፈው በእሳቸው ደጃፍ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወገባቸው እምቢ ስላላቸው ተነስተው ሄዱ። እጅ ሲቆጠር የእሳቸው እጅ አልተቆጠረም። እንግዲህ ወንበር የምቾት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ይህን ያስብበት። መቀመጥ ያልቻለ ሰው አይመክርም፤ ያልመከረበትን ውሳኔስ ማን በደስታ ይቀበላል?

«ታዲያ ለሁሉም ሶፋ እንግዛ?» የሚል ይኖራል። ኧረ የለም! ሶፋ ቦታ ይፈጃል፣ አይደራረብም፣ አቧራ ይይዛል። አዳራሹ እኮ ዛሬ ስብሰባ፣ ነገ የልጆች ማጠናከሪያ ትምህርት ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ወንበሩ ለለቅሶ ድንኳን ይፈለጋል። የሚያስፈልገን የሚደራረብ፣ የሚታጠብና መደገፊያ ያለው ነው።

የፕላስቲክ ወንበር ርካሽና ቀላል ነው። ነገር ግን ፀሐይ ላይ ሲውል ሲያድር ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከተሰበረም መጣል ነው። የብረት ቱቦ እግር ያለው ወንበር ዋጋው ቢበልጥም ሲላቀቅ ይበየዳል። እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ ሲሚንቶው ላይ እንዳይጮህና እንዳይንሸራተት ግን እግሩ ጎማ ይኑረው።

ስለ ልኩም አንድ ነገር ልበል። ለአብዛኛው አዋቂ ሰው መቀመጫው ከወለል ከ43 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል እግር መሬት ይረግጣል። ለሥልጠና ክፍሉ የጠረጴዛው ከፍታ ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለመጻፍ ይመቻል። መጻፊያው ከክንዱ ጋር የተያያዘ ወንበር ግን አንግዛ፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለቀኝ እጅ ስለሆነ ግራኝ ልጆቻችን ይቸገራሉ። ለአዛውንቶችና ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ክንድ ያላቸው ወንበሮች ይኑሩ፤ ተደግፎ ለመነሳት ይረዳሉ። ቦታቸውም በየረድፉ ዳር ይሁን።

ስንት ይበቃናል? አዳራሹ 10 ሜትር በ6 ሜትር ነው። መሐል ላይ 1 ሜትር ከ20 መተላለፊያ ብንተው፣ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ሰጥተን በአንድ ረድፍ 8 ሰው ይቀመጣል። ለመድረኩና ለበሩ ቦታ ትተን፣ በረድፍና በረድፍ መካከል 90 ሳንቲ ሜትር ብንሰጥ 7 ረድፍ ይገባል። ይህም 56 ሰው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ማጨቅ አደጋ ቢመጣ መውጫ ማሳጣት ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው በፎቶግራፍ አይቶ ከመግዛቱ በፊት ናሙና አንድ አንድ ያስመጣ። ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም አንድ ሰዓት ይቀመጥበት፤ ወደ ኋላ ይደገፍበት፤ ብየዳውም ይታይ። ሲገዛም በየወንበሩ ጀርባ ቁጥር በቀለም ይጻፍ፤ ለለቅሶ የወጣው ተቆጥሮ ይመለሳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ገንዘቡን ሁላችንም አዋጥተናል። ሁላችንም ያዋጣንበት ወንበር ሁላችንንም ያስቀምጥ። እንግዳውም ቢሆን ከእኛው ጋር በእኛው ወንበር ቢቀመጥ ክብሩ አይቀንስም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰፈሩ ነዋሪ