መጨማደድን ሸሽተን ወደ መላጥ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፊት መጨማደድ ነው። «ምነው አንቺ፣ በዚህ ዕድሜሽ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም የምለው እኮ ይህንኑ ነው! ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ መስታወት ፊት ቆማ፣ ግንባሯን በሁለት ጣቷ እየወጠረች መስመር የምትፈልግበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ቲክቶክ ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ፊቷ በፊልተር እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ አንዷ ብቅ ትልና «ከሃያ ዓመትሽ ካልጀመርሽ አለቀልሽ» ትላችኋለች። ቀጥላ የምትሸጠውን ቅባት ታወጣለች።

ወደ ገደለው ልግባ። ክርክሬ አጭር ነው። በየኮስሞቲክስ ቤቱ «ፊት የሚያጠራ»፣ «ልጅ የሚያደርግ»፣ «መጨማደድ የሚያጠፋ» እየተባሉ ከሚሸጡት ቅባቶች መካከል ቆዳን ራሳቸው የሚያስረጁ አሉ። በሽታውን በመድኃኒት ስም እየገዛን ነው። የሚሠራው ነገር ግን ርካሽና ተራ ስለሆነ አሻሻጭ የለውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሳ። ቆዳችን ውስጥ ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉ ክሮች አሉ። ድንኳንን ወጥሮ እንደሚይዝ ገመድ ቆዳን ወጥረው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ገመዱ ይላላል፤ ይህንን ማንም አያስቀረውም። ከዕድሜ ቀድሞ ገመዱን የሚበጥሰው ዋናው ነገር ግን ፀሐይ ነው። ሲጋራ ደግሞ ያግዘዋል። (የሺሻ ጢስም ጢስ ነው፤ ፍራፍሬ ስለሸተተ ፍራፍሬ አይሆንም።)

እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ፎቶ አለ። ሰውየው የ69 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና ነድተዋል። በመስኮቱ በኩል የነበረው የግራ ፊታቸው በጥልቅ ተጨማዷል፤ የቀኙ ግን የሌላ ሰው ይመስላል። አንድ ሰው፣ አንድ ዕድሜ፣ ሁለት ፊት! ለቆዳ እርጅና ዋናው ተጠያቂ የሆነው አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው ጨረር የመስኮት መስታወትንም ደመናንም ያልፋል። የሚኒባስ ሹፌሮቻችንና ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር የምትቀመጡ የቢሮ ሠራተኞች ይህንን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ የጨረሩ መለኪያ የዓለም ጤና ድርጅት «እጅግ ከፍተኛ» የሚለውን 11ን ያልፋል። እኛ ግን አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የዋህ ይመስለናል። ሙቀትና ጨረር ለየቅል ናቸው።

ታዲያ በዚህ ፀሐይ ሥር እስካሁን እንዴት ኖርን? መልሱ ሜላኒን ነው፤ የጠይምነታችን ቀለም። ጥቁር ቆዳ ጨረሩን ከነጭ ቆዳ በብዙ እጥፍ ይከላከላል። ጥልቅ መጨማደድ ጠይም ፊት ላይ ዘግይቶ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ሳንከፍልበት የተሰጠን ፀረ እርጅና ማለት ነው።

እኛ ምን አደረግንበት? ፍቀን ማጥፋት ጀመርን! እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ከዚህ የባሰ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለ? ልጅ መምሰል የፈለገች ሴት፣ ልጅ አስመስሎ ያቆያትን ቀለም ገንዘብ ከፍላ ታስልጠዋለች። ከዚያ ያው ጥላ የሌለው ፊት ይዛ ያንኑ ፀሐይ ትጋፈጣለች።

ቅባቱ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው? በብዙ አገር ገበያ «ያጠራል» ተብለው ከሚሸጡት ክሬሞች ውስጥ በተደጋጋሚ የተገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖንና ሜርኩሪ። እንደ ክሎቤታሶል ያለው ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ለቆዳ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፊት ወለል ይላል፤ ማዲያቱም የጠፋ ይመስላል። ጓደኛ ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይላል። ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው እንደ ሲጋራ ወረቀት ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርዳል። ላቁመው ስትል ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያብጣል። ስለዚህ ወደ ቅባቱ ትመለሳለች። ይህ በኔ ቋንቋ ሱስ ይባላል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ምን ያደርጋል? ይጨማደዳል!

ሜርኩሪውማ ከፊትም አልፎ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የነፍሰ ጡር ከሆነ ለጽንሱም ይተርፋል። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸው የውበት ምርቶች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጡ የወሰነው ለዚህ ነው።

«እሺ፣ አትቀቡ አልሽን። ምን እናድርግ?» መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ የእናቶቻችን ጃንጥላ። አዎ፣ ያ የምናፍርበት ጃንጥላ! ነጠላም፣ ሰፊ ባርኔጣም ያው ነው። በተለይ ከረፋዱ አራት እስከ ቀኑ አስር ሰዓት።

ሁለተኛ፣ ሰንስክሪን። አውስትራሊያ ውስጥ ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትለው የተሠራ ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል። በየቀኑ የተቀቡት ሲመቻቸው ብቻ ከተቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። በዚያው ጥናት የተፈተነው የቤታካሮቲን ኪኒን ግን ለውጥ አላሳየም። «እነሱ ነጮች ናቸው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እኛን ከመጨማደድ በፊት የሚያገኘን ማዲያት ነው። ለእሱም ጥላ ያስፈልጋል፤ አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለም ሰንስክሪን ደግሞ ፊትን አመድ ሳያስመስል የበለጠ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ማለስለሻ። ደረቅ ቆዳ መስመሩን ያጎላዋል። ተራ ቫዝሊን ውሃውን ቆዳ ውስጥ ያቆየዋል፤ ውድ ኮላጅን ክሬም ግን ኮላጅኑ ግዙፍ ስለሆነ ቆዳ ውስጥ አይገባም።

አራተኛ፣ የተፈጠረውን መስመር በእውነት መቀነስ የፈለገ ሰው ትሬቲኖይን የሚባል መድኃኒት አለ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ለዚህ ፈቅዳዋለች። ወራት ይፈልጋል፣ ያስቆጣል፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ስለዚህ ከሱቅ ሳይሆን ከቆዳ ሐኪም ነው። ሎሚ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ የምትወጡም ተዉት፤ ቆዳ ያቃጥላል።

አሁን ጥፋቱን ሁሉ በሴቶቹ ላይ ጭኜ እንዳልሄድ። «ለምን ትቀባለች?» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? «ጾታ ሴት፣ ዕድሜ ከ30 ያልበለጠ፣ መልኳ ያማረ» የሚል ለእንግዳ ተቀባይነት፣ ለሽያጭ፣ ለገንዘብ ተቀባይነት። ሽበት ለወንዱ ክብር፣ ለሴቷ የሥራ መልቀቂያ ሲሆን እያየች ያደገች ልጅ ቅባት ብትገዛ ቂል ናት ማለት አይቻልም። ፍርሃቷ እውነት ነው፤ ውሸቱ ቅባቱ ነው። መልክ ታጥቦ አይጠጣም የሚለውን ተረት ለልጅቷ ከመንገራችን በፊት ለቀጣሪዋ እንንገረው።

ስለዚህ ጣቴን የምቀስረው ወደ ሌላ ቦታ ነው። ስቴሮይድ መድኃኒት ከሆነ ከሻምፑ ጎን ምን ይሠራል? የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መደርደሪያዎቹን ይፈትሽልን። ሻጮች ሆይ፣ ምን እንዳለበት የማይነገር፣ ስያሜ በሌለው ዕቃ የተቀባባ ነገር ለሰው ፊት አትሽጡ። ቲክቶክ ላይ የምታስተዋውቁ እህቶቼ፣ የተከፈላችሁበትን ከመናገራችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ሰንስክሪን አስመጪዎች ደግሞ ዋጋውን የቅንጦት አታድርጉት፤ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ጉዳዩ የውበት ሳይሆን የቆዳ ካንሰር ነው።

ስቴሮይድ ክሬም ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ በብስጭት አትጣሉት። አወራረዱን ሐኪም ይንገራችሁ፤ አለርት ሆስፒታልን የመሰለ በቆዳ ሕክምና የቆየ ቤት አለን።

መጨማደዱ እንደሆነ ዕድሜ ከሰጠን አይቀርም፤ የሚቀረው በሃያ ስምንት ዓመት የሳሳ ፊት ነው። እስከዚያው ጃንጥላችሁን ያዙ።

ቸር እንሰንብት!