ክረምትና ቤተሰብ፤ ተማሪው በቤቱ እንግዳ አይሁን

በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ «ሰመር» የምትባለው ቃል ከአፍ አትወርድም። ትምህርት ሲዘጋም «ሰመር»፣ የክረምት ኮርስ ሲከፈትም «ሰመር» ነው። ቃሉ ከመጣበት አገር ግን ሰመር ማለት የፀሐይ ወራት ነው፤ ቤተሰብ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድበት ጊዜ ነው። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ክረምት ማለት ወንዙን ሞልቶ መንገዱን የሚዘጋ፣ ሰውን ወደ ቤቱ የሚያስገባ፣ ቤተሰብን ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚሰበስብ ወቅት ነው። ስለዚህም የእኛ አገር የክረምት ደስታ ከቤት ወጥቶ የሚፈለግ ሳይሆን ከቤት ገብቶ የሚገኝ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣንም አንድ ጥያቄ ነው፤ ተማሪው ወደዚህ ቤት የሚገባው ምን ሆኖ ነው? ልጅ ሆኖ ወይስ እንግዳ ሆኖ?

የምናየው ነገር ደስ አያሰኝም። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ልጅ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ይስተናገዳል። እናቱ መደቡ ላይ አጎዛ ታነጥፍለታለች፤ ታናሽ እኅቱ የእግር ውሃ ታቀርብለታለች፤ አባቱም «ልጄ ደክሞት መጥቷል» ብሎ ከሥራ ያስቀረዋል። ይህ ፍቅር ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ለሦስት ቀን የተገባው እንግድነት ወር ሁለት ወር ሲቀጥል ሌላ መልክ ይይዛል። ተማሪው ኔትወርክ ፍለጋ ከጉብታ ወደ ጉብታ ሲዞር ይውልና ማታ በስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያመሻል። ቤተሰቡም እንዳያውከው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። በዚህ ዓይነት ክረምቱ ያልፍና ልጅና ወላጅ ሳይጨዋወቱ ይለያያሉ።

እንግዲህ ቤተሰቡ በክረምት አብሮ የሚያደርገው ምንድን ነው ብንል፣ አብዛኛው ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የመንዝን ጓሳ እንመልከት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው ይህ ምድር ለረጅም ዘመን በአባቶች የቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ በበጋ ይታጨድና ክረምት ሲገባ፣ በሐምሌ አቦ ግድም፣ ምድሩ ይዘጋ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጓሳውን ዛሬም ይጠብቀዋል። ከቤት የገባው ሣር ደግሞ ለክዳን ብቻ አይውልም፤ ገመድ ይገመድበታል፣ ለእረኛው የዝናብ መከላከያ ጌሳ ይሠራበታል። ጌሳ ከሚሠራ አባት አጠገብ የተቀመጠ ልጅ እጁ ሲሠራ ጆሮው ይሰማል። መሬቱን ማን እንዳቀና፣ በየትኛው ዓመት ረኃብ እንደ ነበረ፣ የትኛው አጎት ከአገር ወጥቶ እንደ ቀረ የሚነገረው በዚህ ጊዜ ነው። የመንዝ በግ ጠጕርም እንዲሁ ነው፤ ተሸልቶ፣ ተነድፎና ተፈትሎ ባና ወይም በርኖስ እስኪሆን ድረስ ብዙ እጅ ይነካዋል። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

ውጭ ደግሞ አረም አለ። ደጋው የመንዝና የግሼ ሰው ገብሱን ሲያርም፣ ወደ ጀማና ወደ ወንጭት ሸለቆ የሚያዘቀዝቀው የመርሐቤቴ ወገን ጤፉንና ማሽላውን ያርማል። አረም የአዋቂም የልጅም ሥራ ስለ ሆነ ቤተሰብ በአንድ መስመር ጎንበስ ብሎ የሚውልበት ቀን ነው። ደቦ ሲጠራ ጎረቤቱ ሁሉ ይጨመርበታል፤ ዘፈኑና ቀልዱ ድካሙን ያስረሳል።

ማታ እንቆቅልሽ ይመጣል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ተብሎ ይመለሳል፤ ፍቺው የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ሕፃኑ አንኮበርን ይሰጣል፣ ታላቁ ጎንደርን ይሰጣል፣ አያትየው «እሱ አነሰኝ» ብለው ሌላ ይጠይቃሉ። ይህን ጨዋታ ተራ ነገር አድርጎ የሚያልፈው ሰው የአገራችንን ቤት አያውቅም። በእኛ ቤት ታናሽ በታላቅ ፊት ብዙ አይናገርም፤ ልጅም በአባቱ ቃል ላይ ቃል አይጨምርም። በእንቆቅልሽ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ለጥቂት ሰዓት ይላላል። ቀን በአባቱ ፊት ቀና ብሎ የማይናገር ልጅ ማታ አባቱን አገር ያስከፍለዋል፤ አባትየውም ተሸንፎ ይስቃል። ልጅ ማሰብን፣ መጠየቅንና በክብር መሸነፍን ከዚህ የተሻለ የሚማርበት ክፍል በዩኒቨርሲቲያችንም አናውቅም።

የነሐሴ 13ቱ የቡሄ በዓልም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ልጆች አስቀድመው ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ጩኸቱ በደብረ ታቦር የተሰማውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል ይባላል። ሙልሙሉም ታሪክ አለው። በዚያ ተራራ ላይ ብርሃን በበራ ጊዜ እረኞች ቀን መስሏቸው በሜዳ ስለ ቆዩ ወላጆቻቸው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይላሉ አባቶች። በዓሉ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለ ሆነ ሥጋና ቅቤ የለበትም፤ ዱቄትና እሳት ይበቃዋል። ልጆቹም በየደጁ ሆያ ሆዬ ብለው ዳቦውን ይቀበላሉ። ዛሬ በከተማ ይህ ልማድ ወደ ብር መሰብሰብና ወደ መድረክ ትርዒት እያደላ ነው። በቤት ያለው ቡሄ ግን ወላጅ ልጁን ፍለጋ የሚወጣበት በዓል ነው፤ ትርጉሙም ይኸው ነው።

ከዚያ ጳጉሜን ትገባለች። አምስት ቀን፣ በአራተኛው ዓመት ስድስት ቀን ናት። በማለዳ ቤተሰብ ወደ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ሕፃናት ልብሳቸውን ጥለው በጠበሉ ይሮጣሉ። ዘመኑም እንዲህ ታጥቦ ይለወጣል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ ድኅነትን በቅኔ ማስጌጥ ነው» ይሉናል። ንግግሩ መልስ የሚገባው ነው። ክረምት በደጋ ቤት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ክዳኑ ያፈሳል፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ በልግ ያልሰጠ ዓመት ደግሞ ነሐሴ ጎተራው የሚሟጠጥበት ወር ነው። ድኅነቱ ይቀጥል የሚል ሰው ካለ ከእኛ ወገን አይደለም፤ መንገዱም፣ መብራቱም፣ ትራክተሩም ይምጣ። ነገር ግን ልማዶቹን ያበጁት ሰዎች ረኃብን የማያውቁ አልነበሩም። እህል በሚያጥርበት ወር ለየደጁ ልጅ ዳቦ የሚሰጥበትን በዓል ይዘው የኖሩት እነሱ ናቸው። ይህ ችግርን ማስጌጥ አይደለም፤ ችግር ሰውን ከሰው እንዳይለይ መከልከል ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ነቀፌታ ሌላ ነው። ሙልሙሉን የሚጋግረው ማን ነው? አባትና ወንዶች ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ ውሃ የምትቀዳው፣ ቆሎ የምትቆላው፣ ዕቃ የምታጥበው ማን ናት? እናትና እኅት በጓዳ ቆመው የሚያልፍ ጨዋታ የቤተሰብ ጨዋታ ሊባል አይገባውም። ተማሪው ከትምህርቱ ያገኘውን አዲስ አሳብ በዚህ ላይ ይፈትን። ስለ ሴቶች እኩልነት በግቢ ውስጥ ክርክር ያሸነፈ ወጣት በሐምሌ ጭቃ እንስራ ተሸክሞ ቢታይ ሰፈሩ ይስቅበት ይሆናል። ይሳቅ። እሱ ውሃ በቀዳበት ሰዓት እኅቱ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ አገር ትቀበላለች።

ተማሪ ወደ ገጠር የሄደባቸው ጊዜያት በታሪካችን ጥቂት አይደሉም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አስተማሪና ቀስቃሽ ሆነው ዘምተዋል። ከዚያም አስቀድሞ አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን የመንዝን ገበሬ ኑሮና የዘመኑን ተማሪ አስተሳሰብ አጥንቶ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ አሳትሟል። ማስተማርም ማጥናትም ጥሩ ነው። ሁለቱም ግን ቤቱን ከውጭ የሚያዩበት መንገድ ነው። ከአስተማሪና ከተመራማሪ በፊት ግን ቤቱ የሚጠብቀው ልጁን ነው።

መመለስ ለሁሉም እንዳልተቻለም አንዘነጋም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ ተዘግቶበት ወይም ወላጆቹ «አትምጣ» ብለውት በሰው አገር የከረመ ተማሪ አለ። ለእሱ ይህ ጽሑፍ በቁስል ላይ እንጨት እንዳይሆንበት እንሰጋለን። የእነዚህ ልማዶች ቀላልነት የሚጠቅመው ግን በዚህ ጊዜ ነው። እንቆቅልሽ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ኬላም አያቆመውም። ኔትወርክ በተገኘ ማታ ለአያቱ ደውሎ «እንቆቅልሽ» የሚል ልጅ የቤቱን ሰዓት ጠብቋል። በማደሪያ ክፍል የቀሩ የአንድ አገር ልጆችም በቡሄ ዕለት አንድ ዳቦ ቆርሰው ቢካፈሉ በዓሉ ውሏል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ወደ ቤቱ መግባት የቻለ ተማሪ ከሦስተኛው ቀን በኋላ አጎዛውን ይመልስ፤ በአረሙ መስመር አንድ ቦታ ይያዝ፤ ከምድጃው ዳር ሳለ ስልኩን ከኪሱ አያውጣ፤ እንስራውንም ይሸከም። የተማሪዎች ማኅበራችንም በየዓመቱ የባህል ቀን እያለ ጅራፍ ሲያስጮኽ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን በመድረክ ላይ የጮኸ ጅራፍ በቤት ያልተገመደውን አይተካም። ቡሄ ካለፈ ክረምቱ አለፈ ይላል የአገራችን ሰው። የወላጅና የልጅ ክረምትም ቁጥር አለው፤ ከአራቱ ወይም ከአምስቱ የዩኒቨርሲቲ ዓመታት በኋላ ሥራና ትዳር ይመጡና ልጅ በእውነት እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ ጊዜው ሳያልፍ እንግባ።

ሁላችንንም የከርሞ ሰው ይበለን።