መርታት ብቻውን ገንዘብ አያስመልስም

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ፍትሐ ብሔር ክርክር ያለኝን ጥቂት አስተያየት የመንግሥት ሠራተኛ ወገኖቼ ያነቡት ዘንድ፣ በዚህ ዓምድ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአራዳ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በፒያሳ ሱቅ ለነበረው አንድ ወዳጄ 80,000 ብር አበድሬው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ሱቁ ከቦታው ተነሣ፤ ደንበኞቹም ተበተኑ፤ ዕዳውም በቀኑ ሳይከፈል ቀረ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ የተፈረመ ቃል አይታጠፍም ተብዬ የተማርሁ ነኝና፣ ወረቀቴን ይዤ ከሰስሁ። እርሱ ግን 24,000 ብር በእጅ ከፍያለሁ አለ፤ እኔም ያ ገንዘብ ለቀድሞ ዕዳ ነው አልሁ። በየቀጠሮው እኔ ተማሪዎቼን፣ እርሱም ሥራውን እየተውን ስንመላለስ፣ የምናወጣው ኪሣራ የተካሰስንበትን ገንዘብ ይበላው ጀመር።

ኋላ ችሎቱ «ጉዳያችሁን በአስማሚ ለመጨረስ ትወዳላችሁን?» ብሎ ጠየቀን። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ያባቶቻችን አነጋገር በልቤ ነበረና እንቢ ልል ምንም አልቀረኝ። ነገር ግን ብረታስ ሱቅ ከሌለው ሰው ምን አስፈጽማለሁ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሦስት ጊዜ ተነጋግረን፣ እኔ 12,000 ብር ትቼለት፣ እርሱም ቀሪውን በየወሩ ሊከፍል ተፈራረምን። ስምምነቱም በፍርድ ቤት ጸድቆ እንደ ፍርድ የሚፈጸም ሆነ።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቀድሞ ባላጋሮች መንገደኛውን ዳኛ አድርገው በጎዳና ላይ ይሟገቱ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ዕርቅና ስለ ግልግል ዳኝነት ደንግጎ ነበር፤ ያ ክፍል ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተተክቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ በፍርድ ቤት የሚመራ አስማሚነትን ደንግጓል።

ሆኖም ሁለቱን መንገዶች መለየት ያስፈልጋል። አስማሚ አይፈርድም፤ ባላጋሮቹ ካልተስማሙ ክርክሩ ወደ ችሎት ይመለሳል። የግልግል ዳኛ ግን ይወስናል፤ ውሳኔውም ያስገድዳል፤ ተዋዋዮቹ አስቀድመው ካልተስማሙ በቀር ይግባኝ አይባልበትም። ስለዚህ በምንፈርመው ውል መጨረሻ «ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኛ ይታያል» የሚል ቃል ብናገኝ፣ ዳኛውን ማን እንደሚመርጥና አበሉን ማን እንደሚችል ሳንጠይቅ ብዕር አናንሣ። ፍቺና የመሬት ጉዳይም በአዋጁ መሠረት ለግልግል ዳኝነት እንደማይቀርቡ እንወቅ።

ስምምነት ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ደካማው ጉልበተኛውን ፈርቶ፣ ወይም በይሉኝታ ታስሮ የሚፈርመው ዕርቅ ግፍን በፊርማ ማጽናት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ችሎት ቆሞ ፍርዱን ይቀበል። ዕዳው ከታመነ፣ ባለዕዳውም ለመክፈል ፈቃድ ካለው ግን፣ ለቂም ስንል ዓመት ባንገፋ መልካም ነው። እኔ 12,000 ብር ለቅቄ ቀሪውን ገንዘቤን፣ የተማሪዎቼን ሰዓትና የአንድ ወዳጅ ሰላምታ መልሼ አገኘሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ መምህር፤ ከአራዳ